ማርሹን ራሱ የሚቀይር ብስክሌት፦ ከሰርቮ ሞተር እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

አውቶማቲክ ማርሽ የመኪና ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ስራም የተባለው የአሜሪካ ተፎካካሪው ደግሞ በ2023 ለኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ራሱ ማርሽ የሚቀይር ሥርዓት አውጥተዋል። በ2025 ደግሞ የሺማኖው ኪው-ኦቶ ሞተር ለሌለው ብስክሌትም መጣ። ኃይሉን የሚያገኘው ከኋላ ጎማው ጋር ከሚዞር ዳይናሞ ነው። ነጂው በእጁ ማርሽ ሲቀይርም እያየ ይማራል።

ደስ የሚለው፣ ሐሳቡ ምሥጢር አይደለም። የጎማ ፍጥነት፣ የፔዳል ፍጥነትና የመንገዱ ዳገትነት ከታወቁ የቀረው ውሳኔ ነው። ስለዚህ በተራ ባለ 7 ማርሽ ብስክሌት ላይ ራሳችን እንሠራዋለን። መጀመሪያ ገመዱን የሚስብ ሞተር፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚቀየር የሚወስን ቀላል ደንብ፣ በመጨረሻም ከናንተ አነዳድ የሚማር ትንሽ ሞዴል። ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። ብዙ ሰው ኤአይ ከሚለው ይጀምርና ገመዱ በትክክል ሳይሳብ ሞዴሉን ይወቅሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ጥቅሙን ወዲያው ያየዋል። ባሕር ዳር ላይ ግን መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ነጂው ማርሹን ብዙም አይነካም፤ ሞዴሉም የሚማረው ያጣል። ሜዳ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ደረጃ 4 ላይ፣ ማለትም ቀላሉ ደንብ ላይ፣ ብታቆሙ ምንም አይቀርባችሁም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ኢኤስፒ32 የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ዲኤስ3218 የተባለው 20 ኪሎ ሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ዲግሪ ልክ ዞሮ የሚቆም ሞተር)፣ ማግኔት ሲያልፍ የሚያውቁ ሁለት ኤ3144 የሆል ሴንሰሮች፣ አምስት ትናንሽ ማግኔቶች፣ ዝንባሌና ፍጥንጥነት የሚለካ ኤምፒዩ6050፣ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማንበቢያ። ለኃይል በተከታታይ የሚያያዙ ሁለት 18650 ሊቲየም ባትሪዎች ከነመከላከያ ሰሌዳቸው፣ ቮልቴጅ ወደ 5 የሚያወርዱ ሁለት ሰሌዳዎች፣ አንድ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች። ከዚያ መሪው ላይ የሚታሰሩ ሁለት የሚጫኑ ቁልፎች፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያና ውኃ የማያስገባ ሳጥን።

ሰርቮው ላይ አትቆጥቡ። ርካሹ ኤምጂ996አር በ4.8 ቮልት 9.4 ኪሎ ይስባል ተብሎ ይጻፍበታል። ያ ቁጥር ግን ሞተሩ መንቀሳቀስ አቅቶት ሲቆም የሚለካ ነው። የማርሽ ገመድ ይዞ ረጅም ሰዓት ለሚቆም ሥራ ያንሳል፣ ይግላልም።

ለሁለቱ ቮልቴጅ አውራጆች አንድ አንድ ሥራ ስጧቸው፤ አንዱ ለሰርቮው ብቻ፣ ሌላው ለኢኤስፒ32ና ለሴንሰሮቹ። የሰርቮው 5 አምፒር የሚችል ይሁን። ሰርቮ ድንገት ሲስብ ቮልቴጁን ያወርደዋል፣ ኮምፒውተሩም በዳገት መሐል ጠፍቶ ይነሳል። ካፓሲተሩን ሰርቮው አጠገብ አድርጉት። የሁሉም ኔጌቲቭ ሽቦ ግን አንድ ላይ መገናኘት አለበት።

ደረጃ 1፦ ገመዱን ከሞተሩ ጋር ማገናኘት

የመመሪያዬ ብስክሌት 26 ኢንች ጎማ አለው። የኋላ ማርሾቹ ባለ 34፣ 24፣ 22፣ 20፣ 18፣ 16 እና 14 ጥርስ ናቸው። ለእግር ቀላሉን ባለ 34ቱን አንደኛ፣ ከባዱን ባለ 14ቱን ሰባተኛ እንላለን። ከፊት ሦስት ማርሽ ቢኖርም ባለ 38 ጥርሱ መካከለኛ ላይ ተዉት፤ የፊቱን አውቶማቲክ ማድረግ ድካሙ ብዙ፣ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

በሺማኖ ባለ 7 ማርሽ ላይ አንድ ማርሽ ለመቀየር ገመዱ 2.9 ሚ.ሜ. ያህል ይሳባል። ከሰባተኛ እስከ አንደኛ ስድስት ቅያሪ ስለሆነ በድምሩ 17.4 ሚ.ሜ. ነው። ሰርቮው ላይ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 10 ሚ.ሜ. የሆነ ፑሌጃ ብትገጥሙ አንድ ቅያሪ ወደ 16.6 ዲግሪ ይሆናል፣ ጠቅላላው ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ። 180 ዲግሪ ለሚዞር ሰርቮ በቂ ነው፤ ለማስተካከያም ቦታ ይተርፋል።

ሰርቮውን ከኋላ ማርሽ ለዋጩ ብዙም ሳይርቅ ፍሬሙ ላይ በብረት ሳህንና በብሎን እሰሩት። በፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ ከታሰረ ሞተሩ ገመዱን ከመሳብ ይልቅ ራሱን ያዘነብላል። የገመዱ ውጫዊ ሽፋን በሁለቱም ጫፍ በደንብ መደገፍ አለበት። ሽፋኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ ማርሹ መንጫጫት ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ የእያንዳንዱን ማርሽ ቦታ መለካት

ከሁሉ በፊት ማርሽ ለዋጩ ላይ ያሉትን ኤች እና ኤል የሚል ምልክት ያላቸውን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ አስተካክሉ። ኤች በትንሹ ማርሽ በኩል፣ ኤል በትልቁ በኩል ለዋጩ እንዳያልፍ የሚከለክሉ ናቸው። ኤሉ ከላላ ካቴናው ትልቁን ማርሽ አልፎ የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይገባል። ያ ዕቃ መስበር ብቻ አይደለም፣ ሰው ይጥላል። ፕሮግራሙ ውስጥም ሰርቮው የማያልፈው ዝቅተኛና ከፍተኛ ዲግሪ ጻፉ፤ ይህን የሚያህል ጉልበት ያለው ሞተር ብሎኑን እየታገለ ለዋጩን ሊያጣምም ይችላል።

አሁን ብስክሌቱን በመቀመጫውና በመሪው ገልብጣችሁ አቁሙት። በአንድ እጅ ፔዳሉን አዙሩ፣ በሌላው ሰርቮውን በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሱ። ይህች ሥራ ጆሮ ትፈልጋለች። ካቴናው ባለ 20ው ላይ እያለ ገመዱን ጥቂት ብትስቡ ከባለ 22ው ጎን ጋር መነካካት ይጀምርና ጭር ጭር ይላል። ያንን ዲግሪ ጻፉ። ከዚያ አላሉት። ድምፁ ይጠፋል፣ ጸጥ ብሎ ይዞራል። ቀጥሎ በባለ 18ው በኩል እንደገና ጭር ይላል። ያንንም ጻፉ። የሁለቱ አማካይ የአራተኛ ማርሽ ቦታ ነው። ለሰባቱም እንዲሁ። ስሌቱ የሚሰጣችሁን 16.6 ዲግሪ መነሻ አድርጉት እንጂ አትመኑት፤ ገመድ ይለጠጣል፣ ፑሌጃም ሲሠራ ጥቂት ይዛነፋል።

ወደ ትልቅ ማርሽ ሲወጣ ሰርቮው ከታሰበው ቦታ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር አልፎ ይሳብ፣ ለአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለስ። በእጅ ስንቀይርም ማንሻውን ጥቂት አሳልፈን የምንገፋው ካቴናው ትልቁ ላይ እንዲወጣ ነው። ወደ ትንሽ ማርሽ ሲወርድ ይህ አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ሴንሰሮቹን ማሰር

አንድ ማግኔት ከኋላ ጎማ ሽቦ ላይ፣ አራት ማግኔቶች በእኩል ርቀት ከፊት ማርሹ ውስጠኛ ጎን ላይ ይለጠፉ። ለፔዳል አራት የሆነበት ምክንያት አለው። ሰው በደቂቃ 75 ጊዜ ሲረግጥ አንድ ዙር 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ማግኔቱ አንድ ከሆነ ዜናው ዘግይቶ ይደርሳል። አራት ከሆኑ በየ0.2 ሰከንዱ አዲስ ንባብ አለ። ርቀታቸው ፍጹም እኩል ስለማይሆን ግን እያንዳንዱን ማግኔት ከራሱ ያለፈ ዙር ጋር አነጻጽሩ፤ ጎረቤቱ ካለው ጋር አይደለም።

ኤ3144 የሚሠራው ቢያንስ በ4.5 ቮልት ነው፤ ስለዚህ 5 ቮልት ስጡት። መውጫውን ግን በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ3.3 ቮልት ጋር አያይዙት፣ ኢኤስፒ32 ከዚያ በላይ አይችልምና። የሚያየውም አንዱን የማግኔት ጎን ብቻ ነው። ዝም ካለ ሴንሰሩን ከመጣላችሁ በፊት ማግኔቱን ገልብጡት።

ኤምፒዩ6050ን ከመቀመጫው በታች ካለው ፍሬም ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ። መሪው ላይ አታድርጉት፤ መሪ በዞረ ቁጥር ንባቡ ይበላሻል። የዳገት ልኬት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከመብራት ተነስታችሁ በ10 ሰከንድ ውስጥ 18 ኪ.ሜ. በሰዓት ብትደርሱ ፍጥንጥነታችሁ 0.5 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ነው። ለሴንሰሩ ይህ ከ5 በመቶ ዳገት ጋር አንድ ነው፤ ሜዳ ላይ ሆናችሁ ዳገት ነው ይላል። መፍትሔው ከጎማው ሴንሰር የተገኘውን የፍጥነት ለውጥ ከንባቡ ላይ መቀነስ ነው። ከዚያ የሁለት ሰከንድ አማካይ ውሰዱ፤ የኮብልስቶን ንዝረቱ ይጠፋል።

የጎማውን ዙሪያም ለኩ። 26 በ1.95 ጎማ 2.05 ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ግን ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ዙር ስትሄዱ መሬት ላይ የምታገኙት ነው።

ደረጃ 4፦ ቀላሉ ደንብ

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ አውቶማቲክ ማርሽ የሚወደደውም የሚጠላውም እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ፔዳሉ በደቂቃ 85 ዙር ከደረሰ ወደ ከባድ ማርሽ ሂድ፣ ከ62 በታች ከወረደ ወደ ቀላል ተመለስ። በአብዛኞቹ ማርሾች ላይ ጥሩ ይሠራል። ከባለ 24 ወደ ባለ 22 ሲቀየር 85 የነበረው ዙር 78 ይሆናል። እግር ብዙም አይሰማውም።

ባለ 34ቱ ላይ ግን ጉዱ ይፈላል። ቀጣዩ ማርሽ ባለ 24 ነው፣ ርቀቱ ሰፊ ነው። ከቅያሪ በኋላ ያለው ዙር ማለት የበፊቱ ዙር ሲባዛ በአዲሱ ጥርስ፣ ሲካፈል ለአሮጌው ጥርስ ነው። 85 ሲባዛ በ24 ሲካፈል ለ34፣ 60 ይሆናል። 60 ደግሞ ከ62 በታች ነው! ስለዚህ ወዲያው ወደ ባለ 34 ይመለሳል፣ ዙሩ እንደገና 85 ይሆናል፣ እንደገና ይቀይራል። ዳገት ላይ እግራችሁ አንዴ ባዶ አንዴ ድንጋይ እየረገጠ ይሄዳል። ሰው ይህን ሲያይ «አውቶማቲክ አይረባም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የሁለት ቁጥሮች ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ የሚወጣበትን 95 አድርጉት፤ ከቅያሪ በኋላ 67 ላይ ያርፋል። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ የሚመለስበትን 55 አድርጉት፤ 78 ላይ ያርፋል። ከዚያ ግራ መጋባቱ ያቆማል። ሌላ ዓይነት የኋላ ማርሽ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ጥንድ ይህን ስሌት ሥሩ። ከቅያሪ በኋላ ያለው ዙር ከመመለሻው ቁጥር ቢያንስ በ5 መራቅ አለበት።

ሦስት ክልከላዎች ጨምሩ። ከአንድ ቅያሪ በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝም በል። ፔዳል ከ30 ዙር በታች ከሆነ ወይም ከቆመ ምንም አትቀይር፤ ካቴና ሳይዞር ገመድ ከተሳበ ቀጥሎ ስትረግጡ ማርሹ ተንገጫግጮ ይገባል። መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ከተጫኑ ደግሞ ለ10 ሰከንድ የሰውዬውን ቃል አክብር። የመጨረሻው ለድርድር አይቀርብም። ነጂው ሁልጊዜ ከማሽኑ በላይ ነው።

ማሽኑ ራሱን የሚያረጋግጥበት መንገድም አለ። በአራተኛ ማርሽ፣ በ75 ዙር፣ ፍጥነቱ 17.5 ኪ.ሜ. በሰዓት መሆን አለበት። 15.9 ከሆነ ካቴናው ያለው ባለ 20ው ላይ ሳይሆን ባለ 22ው ላይ ነው ማለት ነው። ቅያሪው አልገባም፤ እንደገና ይሞክር። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አውቶማቲኩ ይጥፋ፣ እናንተም ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

የመጀመሪያውን ሙከራ መኪና በሌለበት ባዶ ሜዳ አድርጉ። ፍሬናችሁንም አስቀድማችሁ እዩ።

ደረጃ 5፦ ማሽኑ እንዲያያችሁ ማድረግ

ደንቡ የማያውቀው ነገር አለ። እናንተ ዳገቱን ከሩቅ አይታችሁ እግራችሁ ሳይከብድ ማርሽ ታቀላላችሁ። ቀይ መብራት ስታዩ ገና ፔዳሉ እየዞረ ወደ ቀላል ታወርዳላችሁ፤ ቆማችሁ መቀየር ስለማይቻል። ማርሻቸው ጎማው መሐል ውስጥ የተዘጋ ብስክሌቶች ቆመውም ይቀይራሉ፤ የኛ ዓይነቱ አይችልም። ይህን ልማድ ነው ሞዴሉ የሚማረው።

አውቶማቲኩን አጥፉትና በሁለቱ ቁልፎች ብቻ እየቀየራችሁ ንዱ። ኢኤስፒ32 በሰከንድ 10 ጊዜ አንድ መስመር ኤስዲ ካርዱ ላይ ይጻፍ፦ የፔዳል ዙር፣ ዙሩ ባለፉት ሁለት ሰከንዶች ምን ያህል እንደተለወጠ፣ ፍጥነት፣ የፍጥነት ለውጥ፣ ዳገት፣ ያለበት ማርሽና የተጫነ ቁልፍ። በአንድ ሰዓት 36,000 መስመር ይሆናል። በተለያየ መንገድና ሰዓት ንዱ፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ መብራት ያለበት፣ የደከማችሁበት ቀንም ጭምር። የደከመ እግር የሚመርጠው ማርሽ ሌላ ነው።

ደረጃ 6፦ ማሠልጠን

ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተር አምጡ። በፓይተን፣ ሳይኪት-ለርን በሚባለው ነፃ መሣሪያ «የውሳኔ ዛፍ» የተባለውን ሞዴል እንጠቀማለን። ከዚህ ከባድ ሞዴል አያስፈልግም። ዛፉ አራት ፎቅ ብቻ ይኑረው፤ ቢበዛ 16 ውሳኔ ስለሚሆን በ«ከሆነ፣ ካልሆነ» ዓረፍተ ነገር በእጅ ወደ ኢኤስፒ32 ልትገለብጡት ትችላላችሁ። እያነበባችሁም ምን እንደተማረ ታያላችሁ። «ፍጥነት እየወረደ፣ ዳገት ሳይኖር፣ ማርሹ ከአራት በላይ ከሆነ አቅልል» የሚል ቅርንጫፍ ካገኛችሁ መብራቱን ተምሯል ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ መስመር «በሚቀጥለው አንድ ሰከንድ ውስጥ ምን አደረገ?» የሚል መልስ ስጡት፦ አክብድ፣ አቅልል፣ ተው። ከቅያሪ በኋላ ያሉትን የሁለት ሰከንድ መስመሮች አውጧቸው፤ በዚያ ጊዜ ዙሩ ገና አልተረጋጋም።

ሁለት ነገር እንዳያታልላችሁ። አንደኛው የመቶኛ ውጤት ነው። አብዛኛው መስመር «ተው» ስለሆነ፣ ምንም ማርሽ የማይቀይር ሰነፍ ሞዴል እንኳ ከመቶ ከዘጠና በላይ ያመጣል። ስለዚህ ሲሠለጥን ለሦስቱ መልሶች እኩል ክብደት ስጡ። ውጤቱንም በሁለት ጥያቄ ለኩ፦ እኔ ከቀየርኩት ውስጥ ስንቱን በሰዓቱ አወቀ? በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ያለቦታው ቀየረ? ለኔ ሁለተኛው ይበልጣል። ያልቀየረውን በቁልፍ ታርሙታላችሁ፤ ያለቦታው የቀየረው ግን እግር ያስደነግጣል።

ሁለተኛው የፈተናው አከፋፈል ነው። መስመሮቹን በዘፈቀደ ቀላቅላችሁ ግማሹን ለማሠልጠኛ ግማሹን ለፈተና አትክፈሉ። አንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚለያቸው ሁለት መስመሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሞዴሉ ፈተናውን አስቀድሞ እንዳየው ይሆናል። አንድን ሙሉ ጉዞ ለብቻው አስቀምጡና በእሱ ፈትኑ።

ደረጃ 7፦ ሞዴሉን ከደንቡ ጋር ማሠማራት

ዛፉ ደንቡን አይተካውም፤ በውስጡ ይሠራል። ሦስቱ ክልከላዎች እንዳሉ ይቆዩ። የደረጃ 4 ገደቦችም ሰፋ ብለው አጥር ይሁኑ፤ ዙሩ ከ45 ከወረደ ዛፉ ምንም ይበል ማርሹ ይቅለል፣ ከ105 ካለፈ ይክበድ። በመሐል ያለው የዛፉ ነው። ዛፉም ቢሆን ሦስት ንባብ በተከታታይ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ ብቻ ይቀየር።

ከዚህ በኋላ በጣም የሚጠቅማችሁ መረጃ የእርማታችሁ ነው። ማሽኑ ቀይሮ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ተቃራኒውን ቁልፍ ከተጫናችሁ ያ መስመር «እዚህ መቀየር አልነበረበትም» ተብሎ ይመዝገብ። እርማቶቹ ሲጠራቀሙ ከድሮው ፋይል ጋር ቀላቅላችሁ እንደገና አሠልጥኑ።

ባትሪው ሲያልቅና ሌላ ሰው ሲነዳው

ሰርቮ ገመዱን ይዞ ለመቆም ኃይል ይበላል። ባትሪ ሲያልቅ የለዋጩ ስፕሪንግ ገመዱን ጎትቶ ካቴናውን ወደ ባለ 14ው፣ ማለትም ወደ ከባዱ ማርሽ ሊወስደው ይችላል። ዳገት ሥር ከሆናችሁ መከራ ነው። የሁለቱ ባትሪ ድምር 6.6 ቮልት ሲደርስ ድምፅ የሚያሰማ ማስጠንቀቂያ ጨምሩ። ከነጭራሹ ካለቀ ደግሞ የኤች ብሎኑን በካቻቢቴ ወደ ውስጥ አጥብቁት፤ ለዋጩን ገፍቶ ከትንሹ ማርሽ አንድ ሁለት ደረጃ ቀለል ያለው ላይ ይይዝላችኋል፣ ቤት ያደርሳል። ካቻቢቴው ከብስክሌቱ አይለይ።

ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ብስክሌቱን ዘወትር የሚነዳው ከሆነ የሱን ጉዞ በሌላ ፋይል መዝግቡና የራሱን ዛፍ አሠልጥኑለት። የሁለት ሰው መረጃ አንድ ላይ ከተቀላቀለ የማንንም እግር የማይመጥን አማካይ ይወጣል። የሰባቱ ማርሾች የሞተር ቦታ ግን የብስክሌቱ ስለሆነ ለሁለታችሁም ያው ነው፤ ገመዱ ካልተቀየረ በቀር እንደገና መለካት አያስፈልግም።